የእማዬን አዋዋጥ በደንብ የሚያሳይ ምርመራ የት ይሠራል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ልደታ ነው። እማዬ ስክሌሮደርማ አለባት። ቆዳን ብቻ ሳይሆን የውስጥ አካልንም የሚያደድር በሽታ ነው። አሁን መዋጥ ከብዷታል። እንጀራው ደረቷ ላይ ይቆምና በውሃ ታወርደዋለች። ማታ ጋደም ስትል ደግሞ ወደ ላይ እየተመለሰ ያስላታል። ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ በጣም ፈርቻለሁ።

በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ (ኢንዶስኮፒ) ታይታ "ደህና ነሽ" ተባለች። እኔን ግን አላሳመነኝም። ኢንዶስኮፒ ቁስልና ጥበት ያሳያል እንጂ ጡንቻው ምግቡን እየገፋ ማውረዱን በደንብ አይለካም። በዚህ በሽታ ደግሞ በተለይ የሚደክመው የምግብ ቧንቧው የታችኛው ክፍል ጡንቻ ነው። ስለዚህ ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ እየዋጠች በኤክስሬይ ብትታይ ጥሩ ይመስለኛል። ቆማ ብቻ ሳይሆን ተኝታም። ሰው ሲቆም ፈሳሹ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ የጡንቻው ድካም ሊደበቅ ይችላል።

ከልደታ እስከ ስታዲየም ባለው አካባቢ ይህን የሚሠራ የት አለ? አንድ ፎቶ አንስቶ የሚሸኝ ሳይሆን፣ አዋዋጧን በተንቀሳቃሽ ምስል የሚከታተል ነው የምፈልገው። የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ የሚባለው ምርመራስ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል? ማዘዣውን የሚጽፈው የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል በሽታዎች) ሐኪሟ ነው ወይስ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት? ዋጋውንም የምታውቁ ብትነግሩኝ። እየከሳችብኝ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።