«ጣሪያ» ሲባል የቱ ነው? የላዩ ወይስ የውስጡ?

ቤት አሠሪ፦ ሰላም ለቤቱ። እስቲ ፍረዱኝ። ከባለሙያ ጋር «ጣሪያውን ሠርቶ ያስረክባል» ብለን ተዋዋልን። ቆርቆሮውን መታ፣ አሸንዳውን ሰቀለ፣ ሂሳብ አለ። «ኮርኒሱስ?» ስለው «ኮርኒስ መች ተዋዋልን?» አለኝ። እኔ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የማየውን ነው ጣሪያ የምለው። ለላዩ አንድ ቃል፣ ለውስጡ ሌላ ቃል በሕግ ይወሰን ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

አናጺ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ባለሙያው አልበደለህም። እኛ ጋ ጣሪያ ማለት እንጨቱና ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ ለብቻው ዋጋ ይወጣለታል፣ ሠራተኛውም ሌላ ነው።

የቋንቋ ሰው፦ ኮርኒስ እኮ ከጣልያን የመጣ ቃል ነው፤ እዚያም ግድግዳው ጫፍ ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራ ጌጥ ነው እንጂ ውስጡን አይደለም። የራሳችን ቃል እያለ! ለላዩ «ክዳን» በቂ ነው፤ ሣር ክዳን እንል የለ? ከኪዳንም ጋር አንድ ዘር ነው።

መሪጌታ፦ ኧረ አይደለም ልጄ። ክዳን ከ«ከደነ» ነው። ኪዳን ደግሞ ከ«ተካየደ»፣ ቃል ከመጋባት። ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘመድ አታድርጋቸው። የጥንቱን ከፈለጋችሁ «ጠፈር» አለላችሁ። ከቁርባን በፊት «ኢይደልወኒ ትባእ ታሕተ ጠፈረ ቤትየ» እንላለን፤ የመቶ አለቃው ቃል ነው፣ ማቴዎስ 8፥8። አማርኛው «በቤቴ ጣራ ከታች» ይለዋል። ዘፍጥረት ላይም «በውኆች መካከል ጠፈር ይሁን» ሲል ሰማይን እንደ ዓለም ጣሪያ አይቶት ነው።

ቤት አሠሪ፦ እንግዲያው የጠፈር ተመራማሪ ቆርቆሮ ቀያሪ ነው በሉኛ 😂

መሪጌታ፦ ሳቅ አንተ። ቃሉ ከቤት ወጥቶ ሰማይ ላይ ቀረ፤ አሁን ማን ያወርደዋል?

የመቀሌ ልጅ፦ ግእዙ «ናሕስ»ም ይላል፣ እኛ ዛሬም ናሕሲ ነው የምንለው። ሕድሞ፣ የእኛ አገር የድንጋይ ቤት፣ ላዩ ጠፍጣፋ ነው፣ አፈር ይለብሳል፣ ሰው ይወጣበታል። ማቴዎስ 24፥17ን አማርኛው «በሰገነትም ያለ» ያለው እንደዚያ ዓይነት ቤት ስለሆነ ነው። ሣር ቤት አናት ላይ ማን ወጥቶ ይቀመጣል? ዛሬ ደግሞ ሰገነት ስትሉ በረንዳ ነው የሚታያችሁ።

እትዬ፦ እናንተ ልጆች፣ ዋናውን ዘለላችሁት። እኔ ያደግሁበት ጎጆ ውስጥ ቀና ስትሉ የምታዩት ወራጁንና ማገሩን ነው፣ ጥቀርሻው ተንጠልጥሎ። ላዩም ውስጡም ያው ነበር፤ ሁለት ቃል ለምን ያስፈልገን ነበር? አራት ማዕዘኑ ቆርቆሮ ቤት ሲመጣ ሙቀቱና የዝናቡ ጩኸት አላስቀምጥ አለን፣ ከሥሩ አቡጀዲ ወጠርን፣ ያልቻለ ማዳበሪያ ወጠረ። ኮርኒስ ያኔ ከነስሙ ገባ። አዲስ ነገር ነው፣ አዲስ ስም ቢኖረው ምን ይገርማል?

አናጺ ነኝ፦ እትዬ፣ ይኼን ሳይት ላይ መጥተው ይንገሩልኝ!

የቋንቋ ሰው፦ እትዬ የተናገሩት አሳመነኝ፣ ኮርኒስን ለቀቅሁ። ግን ቤት አሠሪም ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። «የዋጋ ጣሪያ» ስንል የትኛውን ነው? ከሥር ሆነህ ራስህን የሚገጭህን፣ የውስጡን ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም ጣሪያ ካለ ሕግ ምን ያደርጋል?

የሂሳብ ሠራተኛ፦ ሕግማ ከሆነ፣ በ1968 በአዋጅ ቁጥር 80 የወጣው ግብር ስሙ «የከተማ ቤት ግብር» ነበር። ሰው ግን «የጣሪያና ግድግዳ» ይለዋል። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ክፍያው ሲጨምር ሁሉም የጮኸው በዚሁ ስም ነበር፤ የአዋጁን ስም ያነሣ አልሰማሁም። እዚያ «ጣሪያ» ቤቱን በሙሉ ነው። ስለዚህ በአስገዳጅ ቃል አላምንም። ውል ላይ ግን ዝርዝር ይጻፍ፦ የቆርቆሮው ጌጅ (ውፍረቱ)፣ አሸንዳው፣ ኮርኒሱ በካሬ።

ቤት አሠሪ፦ አሁን ነው የምትነግሩኝ? አልተሸነፍኩም፣ ቃሉ ይወሰን እንዳልኩ ነኝ። አናጺው፣ 48 ካሬ ቺፑድ ኮርኒስ ስንት ትለኛለህ?

አናጺ ነኝ፦ በውስጥ መስመር ና። ሞራሌው፣ ኮርኒሱ የሚመታበት እንጨት፣ በማን በኩል እንደሆነ ቀድመህ ጻፍልኝ።