ሞተር ሲነሳ ስፒከሩ ያፏጫል፣ ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል

ዝምታ ናፋቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ላይ ባለ አራት ቻናል አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አስገጥሜያለሁ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው። ድምፁ አሪፍ ነው፣ ሞተር እስኪነሳ ድረስ። ልክ ሲነሳ ከሁሉም ስፒከሮች ቀጭን ፉጨት ይመጣል፤ ነዳጅ ስረግጥ እየቀጠነ ይወጣል፣ እግሬን ሳነሳ አብሮ ይወርዳል። ሙዚቃ ከፍ አድርጌ ስከፍት አይሰማም፣ ቀስ አድርጌ ወሬ ነገር ሳዳምጥ ግን ያሳብዳል። የገጠመልኝ ሰው «የዲናሞው ነው፣ ፊልተር አስገባበት» አለኝ። ፊልተሩ ቴፑ ጀርባ ፖዘቲቩ ላይ ገባ፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ አርሲኤው (ከቴፑ ወደ አምፑ ድምፅ የሚወስደው ገመድ) ላይ የሚሰካ ሌላ ፊልተር ግዛ እየተባልኩ ነው። ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሌላም አለ፦ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ በኦክስ (ስልኩን ከቴፑ ጋር በሚያገናኘው የድምፅ ገመድ) ሳገናኘው ጩኸቱ ይብሳል። ምን ይሻለኛል?

ባለ መልቲሜትር፦
ገንዘብህን ያዝ። ፉጨቱ የዲናሞው መሆኑ ልክ ነው፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ብዙ አያጠራጥርም። ዲናሞ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፣ አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ፣ ይቀይሩታል፣ ግን ትንሽ ሞገድ ሁሌም ይቀራል፣ በጤነኛ መኪናም ቢሆን። አንተ መፈለግ ያለብህ ያ ሞገድ ወደ ስፒከርህ የሚገባበትን በር ነው። በሩን ሳታውቅ ፊልተር መደርደር ዝም ብሎ ብር ማባከን ነው።

እንዲህ ሞክር። ሞተሩ እየሰራ የቴፑን ድምፅ እስከ ዜሮ አውርደው። ፉጨቱ አብሮ ከቀነሰ የሚገባው ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት ነው፣ ማለትም በኦክስ ወይም እዚያው ቴፑ ውስጥ። ንቅንቅ ካላለ ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ነገር አጥፋ፣ አርሲኤዎቹን ከአምፑ ንቀል፣ እንደገና አስነሳ። ጸጥ ካለ ፉጨቱ የሚመጣው በአርሲኤው በኩል ነው። ካልጠፋ አምፑን ራሱን ወይም የስፒከር ሽቦዎቹን ተጠራጠር።

«ሁሉንም አጥፋ» ያልኩት ለወግ አይደለም። አንዳንድ ቴፖች ውስጥ በአርሲኤው የማሳ (የኔጌቲቭ) መስመር ላይ ደቃቅ ፊውዝ አለች፤ ቴፑ በርቶ አርሲኤ ሲነቀልና ሲሰካ ትቃጠላለች፣ እሷ ከሄደች ደግሞ ይኸው ፉጨት ይመጣል። ለማወቅ ቀላል ነው። አርሲኤውን ነቅለህ፣ በቴፑ በኩል ያለውን የሶኬቱን የውጪ ብረት ከቴፑ ቆርቆሮ ጋር በኦም ለካው። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥላለች።

የማሳ ጠበቃ፦
እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት የአምፑን ማሳ ነው የማየው። የት ነው የታሰረው? የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን ላይ እንዳትለኝ። እዚያ ማሰር በደህንነቱም ጥሩ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ቀለም ወይም ሙጫ አለው፣ ንክኪው ደካማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፑ ማሳውን ከፊት ይወስዳል፣ አምፑ ከኋላ። ሁለቱ ማሳዎች እኩል ካልሆኑ በመሃላቸው ያለው ልዩነት መንገድ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም የአርሲኤውን የውጪ ሽቦ ነው። እዚያ ላይ ሲያልፍ ከሙዚቃው ጋር ይደባለቃል፣ አምፑ ደግሞ ሙዚቃ መስሎት አጉልቶ ይሰጥሃል። ፖዘቲቩ ላይ ያስገባኸው ፊልተር ምንም ያላመጣው ለዚህ ይመስለኛል፣ ሌባው በሌላ በር ነው የሚገባው።

በኦም መለካት እዚህ ላይ ያታልላል። አንድ ቀጭን ክር ብቻ የነካ ሽቦም ጥሩ ሊያነብ ይችላል። ይልቅ ሞተሩ እየሰራ፣ ሙዚቃው ጮክ ብሎ፣ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው። ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የአምፑ ማሳ ተርሚናል ላይ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነህ። ከበለጠ ማሳህ ታሟል።

መድኃኒቱ ደግሞ ርካሽ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍታ። ከአምፑ አጠገብ ወፈር ያለ የመኪናው አካል ላሜራ ፈልግ፣ ከጀርባው የነዳጅ ታንክም ሆነ ቱቦ አለመኖሩን አይተህ ቀለሙን ነጭ ብረት እስኪወጣ ፈትገው። ሽቦው አጭር ይሁን፣ ውፍረቱም ከፖዘቲቩ አይነስ። በቡሎንና በዳዶ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፣ ከታሰረ በኋላ እንዳይዝግ ላዩን ቀለም ቀባው።

ካንዴላ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ዲናሞውን ሳታዩ አትለፉ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ሞተሩ እየሰራ፣ መብራት በርቶ፣ ባትሪው ላይ ለካ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበበ አንዱ ዳዮድ ሳይሄድ አልቀረም፣ ያኔ ማሳ ብትቀይር ሽቦ ብትቀይር ትርጉም የለውም። ዲሲው ደግሞ ሞተሩ እየሰራ ባብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ነው የሚሆነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ ሁሉም ጩኸት የዲናሞ አይደለም። ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥን ጠቅ ጠቅ ከሆነ ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ነው የሚታየው። ቁልፍ ስትከፍት ጀምሮ ያለ፣ ነዳጅ ብትረግጥ የማይለወጥ እዝዝታ ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ኤፍኤም ላይ ብቻ ከሆነ አንቴናውን፣ ወይም አዲስ ያስገባኸውን ኤልኢዲ መብራት እይ።

አርሲኤውና የአምፑ ፖዘቲቭ ሽቦ በአንድ ጎን አብረው ከሄዱ ደግሞ ለያያቸው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። የግድ መሻገር ካለባቸው በመስቀል ይሻገሩ። ጌይኑንም (አምፑ ላይ ያለውን የማጉያ መጠን መቆጣጠሪያ) እስከ ጥግ አትጠምዝዘው፣ ጩኸቱንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

ዝምታ ናፋቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ድምፁን ዜሮ ባደርገውም ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም፣ አርሲኤው ሲነቀል ግን ጸጥ። የቴፑ ፊውዝ ደህና ናት። ባትሪው ላይ ኤሲው ከ0.1 በታች ነው። የአምፑ ማሳ ግን 0.4 ቮልት አነበበ! ምንጣፉን ገልጬ ሳይ ሽቦው ከፖዘቲቩ በግማሽ የቀጠነ ነው፣ የታሰረውም በላሜራ ብሎን፣ ቀለሙ ሳይነካ። ወፈር ባለ ሽቦ በተፋቀ ብረት ላይ አሰርኩት፣ አሁን 0.03 ነው። ፉጨቱ የለም። የቀረው ስልኩ ነው፤ ቻርጅና ኦክስ አንድ ላይ ሲሆኑ አሁንም ያፏጫል፣ አንዱን ስነቅል ይጠፋል።

ባለ መልቲሜትር፦
ያው በሽታ ነው፣ በትንሹ። ስልኩ በቻርጀሩ በኩል አንድ ማሳ ያገኛል፣ በኦክሱ በኩል ሌላ፣ ቀለበቱ ይዘጋል። እዚህ ላይ ፊልተር የሚሉት ነገር ስራ አለው፣ ግን የኦክሱ ገመድ ላይ የሚገባውን፣ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለውን ግዛ። ርካሾቹ ቤዝ ይበላሉ፣ ወሬ ለማዳመጥ ግን ችግር የለውም። ቴፑ ራሱ ብሉቱዝ ካለው ገመዱን ተወውና በሱ አገናኝ። ያንን ቴፑ ጀርባ ያስገባኸውን ፊልተር ደግሞ አውጣው፣ እዚያ ምንም እየሰራ አይደለም።