ጥቆማ፦ የጀርባ ቀለም ለሚጠይቅ ፕሮግራም የትኛው ተርሚናል፣ የትኛው ላይብረሪ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለቤቱ። የጽሑፉን ቀለም ከተርሚናሉ ጀርባ ጋር የሚያስማማ የኮማንድ ላይን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ጀርባውን በኦኤስሲ 11 (ተርሚናሉን የጀርባ ቀለሙን በሚጠይቀው የትእዛዝ ኮድ) ስጠይቅ አንዱ ለእያንዳንዱ ቀለም አራት ሄክስ (በ16 መሠረት የሚቆጠር) አሃዝ ይልካል፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ አርጂቢኤ ብሎ አራተኛ ቁጥር (የግልጽነት መጠን) ይጨምርበታል። ለመሞከሪያ የትኛውን ተርሚናል ትጠቁሙኛላችሁ? መልሱን የሚተረጉመውን ኮድ፣ ፓርሰሩንስ ራሴ ልጻፈው ወይስ የተዘጋጀ ልውሰድ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ተርሚናል ከመምረጥህ በፊት ፓርሰርህን አስተካክል። የዘረዘርካቸው ቅርጾች ሁሉ ሊመጡብህ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ የሚጠብቅ ኮድ ነው የሚወድቀው። «አርጂቢ፦» ብሎ የሚጀምረው አጻጻፍ የኤክስ 11 (የዩኒክስ የመስኮት ሥርዓት) ውርስ ነው። እዚያ ለአንድ ቀለም ከ1 እስከ 4 ሄክስ አሃዝ ይፈቀዳል፣ ዋጋውም የሚለካው በአሃዙ ብዛት ነው። ስለዚህ አሃዙን ቁጠርና 1 ከሆነ ለ15፣ 2 ከሆነ ለ255፣ 3 ከሆነ ለ4095፣ 4 ከሆነ ለ65535 አካፍል። ያለቀለት ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ታገኛለህ።

ይህን የዘለለ ፕሮግራም የሚሠራውን ልንገርህ። ነጭ ጀርባ በሁለት አሃዝ ሲመጣ 255 ነው። አራት አሃዝ ብቻ የሚያውቅ ፓርሰር ለ65535 ያካፍለውና 0.004 ገደማ ያወጣል፤ ጥቁር ነው ብሎ ይደመድማል ማለት ነው። ከዚያ ፈዛዛ ቢጫ ጽሑፍ ነጭ ላይ ያፈስልሃል። ተጠቃሚው ደግሞ የሚወቅሰው የቀለም ምርጫህን ነው እንጂ ማካፈልህን አይደለም።

በ«#» የሚጀምረውን አጻጻፍ በዚሁ ሕግ አታንብበው። በኤክስ 11 ደንብ አርጂቢ፦3/3/3 ማለት በአራት አሃዝ 3333 ሲሆን #333 ግን 3000 ነው፤ ከኋላ ዜሮ ይሞላበታል እንጂ አይመዘንም። በጥያቄ መልስ ውስጥ ብዙም አያጋጥምም፣ ተጠቃሚ በሴቲንግ ፋይል የሚጽፈውን ቀለም በዚያው ፓርሰር ካነበብክ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ወደ ተርሚናሎቹ ስንመጣ መለኪያው ኤክስተርም ነው። አራት አሃዝ ይመልሳል፣ ጥያቄህን በቤል (አንድ ባይት የመዝጊያ ምልክት) ከዘጋኸው በቤል፣ በኤስቲ (ኢስኬፕና ወደኋላ ያዘመመ ስላሽ፣ ሁለት ባይት) ከዘጋኸው በኤስቲ ይዘጋልሃል። አላክሪቲ የተባለው ተርሚናልና ቲመክስ (ተርሚናል ውስጥ ሆኖ በርካታ መስኮት የሚከፍት ፕሮግራም) በውስጣቸው ቀለሙን በ8 ቢት ነው የሚይዙት፣ ሲመልሱ ግን እያንዳንዱን ባይት ይደግሙታል፦ 28 የነበረው 2828 ሆኖ ይወጣል። ድግግሞሹ ምንም አያዛባም፤ 65535 የ255 ልክ 257 እጥፍ ስለሆነ ሁለቱም አካፋዮች አንድ ውጤት ይሰጣሉ። ቲመክስ ውስጥ ስትሆን መልሱን የሚሰጥህ ራሱ ቲመክስ መሆኑን ግን አትርሳ፤ የውጪውን ተርሚናል የፈተንክ እንዳይመስልህ።

ለመሞከሪያ የምጠቁምህ ጎስቲ የተባለውን ተርሚናል ነው። ኦኤስሲ-ከለር-ሪፖርት-ፎርማት የሚል ሴቲንግ አለው፤ 16 ቢት (ሳትነካው ያለው ይህ ነው)፣ 8 ቢት ወይም ከነጭራሹ መልስ የለም ብለህ ትመርጣለህ። ሦስቱን ሁኔታ አንድ መስኮት ላይ መፈተን ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኝም። ፓርሰርህን ጠንከር አድርገህ መፈተን ካማረህ ዩአርኤክስቪቲ የተባለውን ተርሚናል ጨምር፦ ጀርባው ግልጽነት ሲኖረው በአርጂቢኤ ይመልሳል፣ አሮጌዎቹ እትሞች ደግሞ መልሱን በሙሉ ኤስቲ ሳይሆን በኢስኬፕ ባይት ብቻ ይዘጉታል። አራተኛውን ቁጥር ችላ በለው። ኪቲ የተባለው ተርሚናል ኦኤስሲ 21 የሚል የራሱ መንገድ አለው፤ ቀለሙን በስሙ ትጠይቃለህ፣ የማያውቀውን ስም በ«?» ይመልስልሃል። ያምራል፣ ግን ብዙዎቹ ስለማይከተሉት እንደ ተጨማሪ ያዘው።

ላይብረሪ ካልክ፣ ረስት የምትጽፍ ከሆነ ተርሚናል-ከለርሶረስን ውሰድ፤ ባትና ዴልታ የተባሉት የኮማንድ ላይን ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት እሱን ነው። በሌላ ቋንቋ ከሆነ ከመውሰድህ በፊት ኮዱን ክፈትና እይ። የመልሱን ርዝመት ቆጥረው 24 ወይም 25 ባይት ካልሆነ የሚጥሉ አሉ፤ ያ አራት አሃዝ ሲደመር ቤል ወይም ኤስቲ ነው፣ ሁለት አሃዝ የሚልክ ተርሚናል በሩ ላይ ይቀራል። አብነት ከፈለግህ የጽሑፍ ኤዲተሩ ኒኦቪም ከእትም 0.10 ጀምሮ ያለውን ኮድ አንብብ፦ በአሃዙ ብዛት መሠረት ያካፍላል፣ ከዚያ ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ ይደምርና ከ0.5 በታች ከሆነ ጨለማ ይለዋል።

ሌላ ጥያቄ፦

መልስ የማይሰጥ ተርሚናል ሲገጥመኝ ምን ያህል ልጠብቅ? ደግሞስ ጨለማ ወይስ ብርሃን መሆኑን ብቻ ብፈልግ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦

በሰዓት አትገምት። አጭር ካደረግኸው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው) ላይ ዘግይቶ የመጣው መልስ ፕሮምፕቱ ላይ ቆሻሻ ፊደል ሆኖ ይፈስሳል። ከኦኤስሲ 11 ቀጥለህ ዲኤ 1 የሚባለውን የማንነት ጥያቄ ላክ፤ እሱን የማይመልስ ተርሚናል ከስንት አንድ ነው። መልሶች በተጠየቁበት ተራ ስለሚመጡ የዲኤ 1 ቀድሞ ከደረሰ የቀለም ጥያቄህ አልተገባም ማለት ነው። ለጥንቃቄ ረዘም ያለ ገደብ ከኋላው አስቀምጥ።

ለሁለተኛው፣ ሲኤስአይ ? 996 የሚባለውን የጥያቄ ኮድ ሞክር። መልሱ 997 ሆኖ 1 ከተከተለው ጨለማ፣ 2 ከተከተለው ብርሃን ነው፤ የሚተረጎም ሄክስ የለም። ሞድ 2031 የተባለውን የተርሚናል አማራጭ ካበራህ ደግሞ ተጠቃሚው ገጽታውን ሲቀይር ራሱ ይነግርሃል። ኮንቱር፣ ኪቲና ጎስቲ ያውቁታል። በማያውቁት ላይ ወደ ኦኤስሲ 11 ተመለስ። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም የሚይዘውን ከለርኤፍጂቢጂ የተባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ የነበረውን ዋጋ ይዞ ስለሚቀር መሃል ላይ ገጽታ ለቀየረ ሰው ያረጀ ወሬ ነው የሚነግርህ።