ለብቻው የሚቆም ክፍል፦ ይዘለል ወይስ ይታይ?

ቀጥታ ወደ ነገሩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ተከታታይ ድራማ የማየው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያልኩ ነው። ታሪኩ ጦፎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዋናውን ነገር ትተው ሌላ ወሬ ሲጀምሩ በጣም ይደብረኛል። ለብቻው የሚቆም ክፍል የምለው ይህንን ነው። ምሳሌ ልስጥ። ብሬኪንግ ባድ፣ ምዕራፍ 3፣ ክፍል 10። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው። ላላያችሁት፣ ድራማው ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው ሜታምፌታሚን የሚባለውን ዕፅ ማምረት የጀመረ የኬሚስትሪ መምህር ታሪክ ነው። ስሙ ዋልተር ዋይት ነው። ጄሲ የሚባል የቀድሞ ተማሪው አብሮት ይሠራል። በዚህ ክፍል ሁለቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘግተው አንዲት ዝንብ ያሳድዳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚሞት የለም፤ የሚያዝም የለም። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ራሱ፣ በጀት ስላለፉ በአንድ ቦታ ተቀርጾ የሚያልቅ ርካሽ ክፍል እንዳስፈለጋቸው ተናግሯል። ታዲያ የእነሱን የገንዘብ እጥረት እኔ በሰዓቴ ለምን እከፍላለሁ? አቋሜ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ባይሠራ ይሻላል፤ ከተሠራም ይዘለል። የማይስማማ ካለ በማስረጃ ይሞግተኝ።

ከኤዲቲንግ ክፍል፦

ወንድሜ፣ ስለ በጀቱ ያልከው እውነት ነው። ግን አንድ ሥራ በምን ምክንያት እንደተጀመረና ምን ሆኖ እንደወጣ ለየቅል ነው። እስቲ ያንን ክፍል ቀስ ብለን እንየው።

ዋልት እንቅልፍ አጥቷል። ጄሲ ሁኔታው ስላስፈራው ቡናው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ይጨምርበታል። ዋልት ዓይኑ እየከበደው መሞት የነበረበት ትክክለኛ ጊዜ የቱ እንደነበር ማስላት ይጀምራል። ለቤተሰቡ የሚበቃ ገንዘብ ካገኘ በኋላ፣ ግን ሚስቱ ምስጢሩን ሳታውቅ በፊት። እንዲህ እያለ ወደ አንዲት ማታ ይደርሳል። የጄሲ ፍቅረኛ ጄን የሞተችበት ማታ ናት። በዚያች ማታ ቡና ቤት ውስጥ ከአንድ የማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ እንደነበር፣ ሰውየውም የጄን አባት ሆኖ እንደተገኘ ለጄሲ ይነግረዋል። ጄን ትንታ ሲያንቃት ዋልት አጠገቧ ቆሞ ማዳን እየቻለ ዝም ብሎ እንዳያት እኛ ተመልካቾች እናውቃለን። ጄሲ አያውቅም።

ከዚያ ጄሲ መሰላል ላይ ወጥቶ ዝንቧን ሊመታ ይንጠራራል። መሰላሉ ይወዛወዛል። ከሥር የያዘው ዋልት ነው። እንቅልፍ እየጣለው «ስለ ጄን አዝናለሁ» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ሁሉም ነገር ያበቃለታል። እኔ ስንት ተኩስ ያለበት ክፍል አይቻለሁ፤ እንደዚያ መሰላል ትንፋሼን ያስያዘኝ ግን የለም። የሚሞት የለም አልክ። ልክ ነህ። ልጁ ግን ሕይወቱን አሳልፎ የሰጠው ለማን እንደሆነ የምናየው እዚህ ነው።

ሌላም አለ። በ2013 በወጣው «ኦዚማንዲያስ» በሚባለው ክፍል ዋልት ያንን እውነት ጄሲ ፊት ያፈርጠዋል፤ ያውም ሆን ብሎ ሊጎዳው። የሁለቱም ክፍሎች ዳይሬክተር ራያን ጆንሰን ነው። ሞይራ ዋሊ ቤኬት የመጀመሪያውን ከሌላ ደራሲ ጋር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለብቻዋ ጽፋዋለች። ዝንቧን የዘለለ ሰው ኦዚማንዲያስን ሲያይ ታሪኩ ይገባዋል። ዋልት ያንን ቃል ስንት ጊዜ አፉ ላይ አድርሶ እንደዋጠው ግን አያውቅም።

የማታ ተረኛ፦

እኔ ነርስ ነኝ። ከተረኝነት ስወጣ አንድ ክፍል ለማየት ብዙ ጊዜ የለኝም፤ ኢንተርኔቱም በነፃ አይደለም። ስለዚህ የቀጥታ ወደ ነገሩ ብስጭት ይገባኛል። ግን ጣቱን የቀሰረው የተሳሳተ ቦታ ላይ ይመስለኛል።

ሎስትን አስታውሱ፤ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ደሴት ላይ የቀሩ ሰዎችን ታሪክ የሚነግረውን ድራማ። የሦስተኛው ምዕራፍ 9ኛ ክፍል የዋናው ገጸ ባሕርይ የጃክ ንቅሳት ከየት እንደመጣ ለመንገር አንድ ሙሉ ሰዓት ይወስዳል። ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ለምን ተሠራ? ደራሲዎቹ ድራማው መቼ እንደሚያልቅ ስለማያውቁ ነበር። ጣቢያው ኤቢሲ ተመልካች እስካለ ድረስ ቀጥሉ ነው የሚለው። ታሪኩን ወደፊት ቢገፉት ያልቅባቸዋል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ይዞራሉ። አዘጋጆቹ ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩስ ማለቂያው ይወሰንልን ብለው ሲወተውቱ ቆይተው ኤቢሲ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ተስማማ። በ2010 እንደሚያልቅና 48 ክፍሎች እንደቀሩት ተነገረ። ያ የንቅሳት ክፍል የተንዛዛው ለብቻው ስለቆመ አይደለም፤ የሚነግረን አዲስ ነገር ስላልነበረው ነው። የዝንቧ ክፍል ደግሞ የሚነግረን አለው። ሁለቱን በአንድ ቅርጫት አንክተት።

ቃና ያሳደገኝ፦

እህቴ አፍሽ ይባረክ! እስቲ ወደ ቱርክ ድራማ እንሂድ። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር የእኛ ቤት በሙሉ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ሥር ነበር። እነዚህ ድራማዎች ለብቻው የሚቆም ክፍል አላቸው? የላቸውም ማለት ይቻላል። ሁሉም ዋና ታሪክ ነው። ግን አንድ ደብዳቤ እስኪነበብ ስንት ቀን ጠብቀናል? ልጅቷ በሩን ትከፍታለች። ሙዚቃ። የእናትየው ፊት። የልጁ ፊት። እንደገና የልጅቷ ፊት። ከዚያ ማስታወቂያ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቱርክ ውስጥ የአንድ ሳምንት ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ራሳቸው በ2010 ርዝመቱን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተዋል፤ በስድስት ቀን አንድ ሙሉ ፊልም የሚያህል ነገር መቅረጽ ጤናችንን በላው ብለው። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ያው ክፍል ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆረጣል። እኛ የምናየው ቁራጩን ነው። እና ወንድሜ፣ የምትጠላው መሙያ፣ ታሪኩን ወደፊት የማይገፋው ነገር፣ ያለው እዚያው ዋናው ታሪክ ውስጥ ተደብቆ ነው። ልብ አንጠልጣይ ስለሚመስል አትዘለውም እንጂ።

ቀጥታ ወደ ነገሩ፦

የቱርኩ መንዛዛት የባሰ መሆኑ የዝንቧን ክፍል ጥሩ አያደርገውም። ደግሞስ ትንንሾቹ ገጸ ባሕርያት? ሎስት ላይ ኒኪና ፓውሎ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከመሬት ተነስተው መጡ። ተመልካቹ አልወደዳቸውም። አንድ ሙሉ ክፍል ተሰጣቸውና በመጨረሻ ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። ለሁለት ሰው ስንብት ስል አንድ ሳምንት ጠበቅኩ ማለት ነው።

አሮጌ ቲቪ፦

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ እስቲ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ዱሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ ምዕራፍ 22 ወይም 24 ክፍል ነበረው። ተመልካቹ አንድ ሳምንት ካመለጠው መልሶ የሚያይበት ቀላል መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ለብቻው የሚቆመው ክፍል እንግዳ መቀበያ በር ነበር። በ1993 የጀመረው ኤክስ ፋይልስ፣ ሁለት የኤፍቢአይ መርማሪዎች እንግዳ ነገሮችን የሚመረምሩበት ድራማ፣ እንዲህ ነው የሄደው። ዋናው የመንግሥት ሴራ በአንድ በኩል፣ የየሳምንቱ እንግዳ ነገር በሌላ በኩል። ዛሬ ሴራውን ማን በቅጡ ያስታውሰዋል? በ1995 የታየውን የኢንሹራንስ ሻጭ ታሪክ ግን ያየ አይረሳውም። ሰዎች እንዴት እንደሚሞቱ አስቀድሞ የሚያይ፣ በዚህ ችሎታው የተማረረ፣ ብቸኛ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ክፍል በኋላ የለም። ለዚያ ሥራ ደራሲው ዳሪን ሞርጋንም፣ በእንግድነት የተጫወተው ፒተር ቦይልም ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ተሸልመዋል።

ትንንሽ ገጸ ባሕርያትን በተመለከተ፣ እዚያው ሎስት ላይ ማይክል ኤመርሰን የተቀጠረው ለሦስት ክፍል ብቻ ነበር። ሰውየው ሲጫወት አዩት፤ አስቀሩት። ከድራማው ዋና ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነውን ቤን ላይነስን ያገኘነው እንደዚያ ነው። ለትንሽ ሰው ቦታ የማይተው ድራማ እንዲህ ያለውን ተዋናይ ከየት ያገኘዋል? ጀማሪ ደራሲስ የት ይለማመዳል? በ2023 የሆሊውድ ደራሲዎች 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። ክፍሎቹ ሲያንሱ የደራሲው ቡድን አነሰ፤ የሥራው ጊዜም አጠረ።

ቀጥታ ወደ ነገሩ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያነሱት ነገር የእኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው። 22 ክፍል ሲኖር አንዱን ለእንግዳ መስጠት አይጎዳም። ዛሬ ግን ድራማው 8 ወይም 9 ክፍል ነው። ስትሬንጀር ቲንግስ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በ2017፣ ከዘጠኙ ሰባተኛውን ለብቻው አቆሙት። ኢለቨን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገችው ልዩ ኃይል ያላት ልጅ፣ ሺካጎ ሄዳ ካሊ የምትባል ልጅ ታገኛለች። ከዚያ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ከሌላ ዓለም የመጡት አውሬዎች ላቦራቶሪውን ወርረውታል፤ የምንወዳቸው ሰዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። እና ሺካጎ ምን አገባኝ? ገጸ ባሕርይዋን መጥላቴ አይደለም። ቤት እየተቃጠለ ሌላ ሰፈር ሄደው እንግዳ ያስተዋውቁኛል።

የማታ ተረኛ፦

እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፤ እስከ ግማሽ መንገድ። የኢለቨን ጉዞ ያስፈልግ ነበር። እንደ እሷ ያደገች ሌላ ልጅ እንዳለች፣ ያቺ ልጅ ደግሞ በቀልን እንደመረጠች ማየት ነበረባት። ስህተቱ ቦታው ነው። አውሬዎቹ ከመውረራቸው በፊት፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ቢያደርጉት እኮ ብዙ ሰው ባልጮኸ። የዝንቧን ክፍል እዩት። ከእሱ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ማንም መሣሪያ ተደቅኖበት አልቀረም። ስለዚህ ተመልካቹ ሁለት ሰው ሲያወራ ለመስማት ጆሮ አለው። አዘጋጆቹን መሞገት ያለብን «ለምን ሠራችሁት?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ለምን እዚህ አስገባችሁት?» ብለንም ነው።

ከኤዲቲንግ ክፍል፦

ይሄ የእኔ የየቀን ሥራ ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ክፍል ቦታ ቢቀየርለት ሌላ ክፍል ይሆናል። ተመልካቹ ምን ፈርቶ እንደገባ ይቀየራላ። ሺካጎን አራተኛ ላይ አድርጉት ስትዪ ግን፣ ኢለቨን ያኔ ገና እናቷን አላገኘችም። ስለ ካሊ የምትሰማው ከእናቷ ትዝታ ነው። እሱን ጎትተሽ ስታመጪ ሙሉውን ምዕራፍ እንደ አዲስ መጻፍ ሊኖርብሽ ነው። ደራሲዎቹ እዚያ ያስቀመጡት ሌላ ቦታ ስላጡ ይመስለኛል። እኔ ብሆን ያንን ክፍል ሳልነካው አውሬዎቹን አንድ ክፍል ነበር የማዘገያቸው።