በሃምሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስቀል አደባባይ ኮንሰርት ልገባ ነው፤ የት ልቁም?

ጠያቂ፦ የጎተራዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮዬ ለመስቀል አደባባይ ቅርብ ስለሆነ መድረክ ሲተከል፣ ብረቱ ሲገጣጠም፣ ጥቁር ሸራ ሲወጠር ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት እያየሁ አልፋለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም። መጀመሪያ ልጆች ትንንሾች ነበሩ፣ ቀጥሎ እናቴ ታመመች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የወጣቶች ነገር ነው እያልኩ ተውኩት።

አሁን ግን ከፋሲካ በኋላ የምትዘፍነው ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማት ድምፃዊት ናት። ስሟን የማልጠቅሰው ለአንድ ዝግጅት ማስታወቂያ የምሠራ እንዳይመስልብኝ ነው። የመጀመሪያ ካሴቷን የገዛሁት በመጀመሪያ ደመወዜ ነው። በሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ አዝማቹ ሊጀምር ሲል፣ ትንፋሿን ስትስብ የሚሰማበት ቦታ አለ። ሙዚቃው ለአፍታ ዝም ይላል፣ እሷ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ዘፈኑ ይወርዳል። ያንን ትንፋሽ ስንት ዓመት ሙሉ ከቴፕ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን በአካል ካለችበት ቦታ መስማት እፈልጋለሁ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ መደበኛውን ትኬት ለሁለታችንም በቴሌብር ቆርጣለች። እሷ ከመድረኩ ሥር ካልሆነ ኮንሰርት አይባልም ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ “ቤት ሆነን በቴሌቪዥን ብናየው ምን አለበት?” ይላል። እኔ የምፈልገው መስማት ነው። ግራ ጉልበቴ ብዙ መቆም አይወድም፤ ጆሮዬም እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። ትኬቱ ላይ “ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ” ይላል፤ በእርግጥ በ8 ሰዓት ነው የሚጀምረው? የት ልቁም? ምን ልልበስ? ሲያልቅስ እንዴት ወደ ቤት እንመለሳለን? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

መልስ፦ ከሚክሰሩ ጀርባ

እንኳን ደስ አለዎት እህቴ። የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ መስቀል አደባባይም፣ ሚሊኒየም አዳራሽም፣ ጊዮን ግቢም ገመድ ስጎትት ነው የኖርኩት። ስለ ትንፋሹ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ከጠዋት ጀምረን አንዱን ማይክሮፎን ደጋግመን የምንፈትሸው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይጠፋ ነው፤ የሚሰማው ሰው መኖሩን ማወቅ ያስደስታል።

ዋናውን ላስቀድም፦ እንደ እርስዎ መስማት የፈለገ ሰው ከመድረኩ ሥር አይቆምም። እዚያ መሬት ላይ የተደረደሩት ግዙፍ ስፒከሮች የሚያወጡት የቤዙን (ወፍራሙን) ድምፅ ነው። የዘፋኟ ድምፅ በብዛት የሚወጣው በግራና በቀኝ ከላይ ከተንጠለጠሉት ሲሆን፣ እነሱ የሚሰቀሉት ራቅ ያለው ሰው ጋ እንዲደርሱ ተደርገው ነው። ስለዚህ ከሥር ያለውን ሰው ቤዙ ደረቱን ይመታዋል፤ የግጥሙ ቃል ግን ከአናቱ በላይ ያልፈዋል። ለፊተኞቹ ተብለው በመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች አሉ፤ ሕዝቡ አብሮ መዝፈን ሲጀምር ግን የእነሱም ጉልበት አይበቃም።

የእርስዎ ቦታ ሚክሰሩ (ድምፁ የሚስተካከልበት መሣሪያ) አጠገብ ነው። ከመድረኩ ትይዩ፣ በሕዝቡ መሀል፣ በብረት አጥር የተከበበ ድንኳን ያያሉ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በራሱ ጆሮ በሚሰማው ልክ ነው። ስለዚህ ከዚያ ድንኳን ፊት የቆመ ሰው ባለሙያው “አሁን ልክ ነው” ያለውን ድምፅ እኩል ይሰማል። ሌላም ጥቅም አለው። ጀርባዎን ለአጥሩ ሲሰጡ ከኋላ የሚገፋዎት አይኖርም፤ ጉልበትዎም ሲደክም የሚደገፉበት ያገኛሉ። ሁለቱ የስፒከር ረድፎች በግራና በቀኝ እኩል እስኪታዩዎት ድረስ ወደ መሀል ይግቡ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ አንዱን ብቻ ነው የሚሰሙት።

ደረጃዎቹ ላይ መቀመጥም ይቻል ይሆናል፤ መድረኩ በየት በኩል እንደሚተከልና የትኛው ትኬት የት እንደሚያስገባ ግን የአዘጋጁ ውሳኔ ነው። በጣም ርቀው ከተቀመጡ የሚያጋጥምዎትን አስቀድሜ ልንገርዎት። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። 100 ሜትር ላይ ያለ ሰው ስክሪኑ ላይ የዘፋኟን ከንፈር ካየ በኋላ ድምፁ የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። በሜዳው መሀል ማማ ላይ ሌሎች ስፒከሮች የሚሰቀሉት ለሩቁ ሰው ነው፤ እነሱንም ሆን ብለን እናዘገያቸዋለን፣ ከመድረኩ ከሚመጣው ድምፅ ጋር አብረው እንዲደርሱ። ይህ ካልተሠራ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰሙታል።

ጭብጨባውን ልብ ብለው ያዳምጡ። ዘፋኟ “አጨብጭቡ” ስትል የፊቱ ሰው ወዲያው ይጀምራል። ለኋላው ሰው ምቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የእሱ ጭብጨባም ተመልሶ መድረኩ ጋ እስኪደርስ እንደገና ይዘገያል። በዝግታ በሚሄድ ዘፈን ላይ ያን ያህል አያስቸግርም። በችክችካ ላይ ግን ምቶቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ የኋላው ጭብጨባ የሚያርፈው በሌላ ምት ላይ ነው። ድራመሩ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ የሚሰካው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሕዝቡን ከተከተለ ባንዱ በሙሉ ይጎተታል። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ምቱን ሳይለቅ የሚመታ ድራመር ሳይ ዛሬም እደነቃለሁ።

ስለ ጆሮዎ መስጋትዎ ተገቢ ነው። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመዘኛ ጆሮ 85 ዲሲብል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድምፅን ለስምንት ሰዓት ይችላል፤ በየ3 ዲሲብሉ ጭማሪ ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዲሲብል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች አማካዩ ድምፅ ከ100 ዲሲብል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ከስፒከሮቹ ሥር ያለው ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት የስፖንጅ መወተፊያ ለሁለታችሁም ግዙ። ጥጥ ብዙም አይረዳም። መወተፊያውን አድርገውም ቃሉን ይሰማሉ፣ አይጨነቁ። ያቺ ትንፋሽ ያለችበት ዘፈን ሲመጣ ካሰኘዎት ያውጡትና መልሰው ያድርጉት።

8 ሰዓት የሚባለው በሩ የሚከፈትበት ነው። መጀመሪያ ዲጄ፣ ቀጥሎ ወጣት ድምፃውያን፣ ከዚያ ባንዱ ሲቀያየር ረጅም ዝምታ አለ። ዋናዋ ድምፃዊት የምትወጣው ጨልሞ ነው። 11 ሰዓት ገደማ ብትገቡ የሚክሰሩን አካባቢ ታገኙታላችሁ፤ ከጨለመ በኋላ ግን ሰውን ሰንጥቆ መሀል መግባት ከባድ ነው።

መልስ፦ የፊት ረድፍ

እናቴ ልበልዎትና፣ ከላይ የተጻፈው ስለ ድምፅ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ልጅዎም እውነት አላት። ፊት ስትሆኑ ማሲንቆ ተጫዋቹ በጣቶቹ ጭራውን ሲይዝ ታያላችሁ፣ ዘፋኟ ወደ ባንዱ ዞራ በዓይኗ “አንድ ጊዜ ይደገም” ስትል ታያላችሁ። ይህ በስክሪን አይታይም። እስክስታው ሲጀምር ከጎንዎ ያለው የማያውቁት ሰው ትከሻውን ይሰጥዎታል፣ እርስዎም ይመልሱለታል፣ በቃ ዘመዳሞች ትሆናላችሁ። እኔ ብሆን ቢያንስ ወጣቶቹ ድምፃውያን በሚዘፍኑበት ሰዓት፣ ቦታው ገና ሰፊ እያለ፣ ልጅዎን ይዤ ፊት ድረስ ሄጄ አይቼ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ እመለሳለሁ።

መልስ፦ የጊዮኑ አዛውንት

ሰባውን ያለፍኩ ስለሆነ አንቺ ልበልሽ ልጄ። በሃምሳ አንድ ዓመት ዘገየሁ ብለሽ እንዳታስቢ።

እኛ በወጣትነታችን ኮንሰርት የምንለው የሆቴል ምሽት ነበር። ጊዮን ዳህላክ ባንድ፣ ሒልተን ዋልያስ ባንድ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም። ባንዱም እኛም እዚያው እናድራለን። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ዳንሱ ይበርድና ሰው ወንበሩን ወደ መድረኩ ያስጠጋል፤ ትዝታ የሚዘፈነው ያኔ ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ደክሞት ተቀምጦ ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ሰዓት ጨዋታ ያህል በሸክላም በካሴትም አላገኘሁም። ለዚህ ነው ባለቤትሽ በቴሌቪዥን እንየው ማለቱን የማልቀበለው። እሱንም ይዘሽው ሂጂ።

ትልቅ ሕዝብ ያየሁት ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በዚሁ መስቀል አደባባይ ነው። ቦብ ማርሌይ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ቀን ነበር፤ ባለቤቱ ሪታና ልጆቹ መጥተው ተጫወቱለት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቶ ነበር። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ሲወዛወዙ አይቻለሁ። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ ሚሊኒየም አዳራሽ በመጣች ጊዜ ደግሞ ልጆቼ ሄደው፣ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ለቀናት በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

ልብስን በተመለከተ፣ ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ የበልግ ዝናብም አለ። ጃንጥላ የኋላውን ሰው ስለሚከልል ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዢ፤ ከውስጥ ሹራብ ይኑርሽ። ጫማሽ ጠፍጣፋና እግርሽ የለመደው ይሁን። ከመሄድሽ በፊትም ደህና አድርገሽ ብዪ።

ጠያቂ፦ የጎተራዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁላችሁንም ለልጄ አነበብኩላት። ባለቤቴም የአዛውንቱን ጽሑፍ ሰምቶ ትኬት ይቆረጥልኝ ብሏል። ልጄ ግን ዋናዋ ድምፃዊት ስትወጣ ከጓደኞቿ ጋር ፊት መሆን አለብኝ ብላ ጸንታለች። ልከለክላት አልፈልግም፣ እኔም በዕድሜዋ እንደዚያው ነበርኩ። የምፈራው መጨናነቁን ነው። አደገኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ብንጠፋፋስ?

መልስ፦ የመጀመሪያ ርዳታ በጎ ፈቃደኛ

ሲስተር ነኝ፤ በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ በበጎ ፈቃደኝነት እቆማለሁ። ይህ በደንብ ሊነገር የሚገባው ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሰው የሚጎዳው ተረግጦ ብቻ አይደለም፤ ቆሞም ይታፈናል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ አስትሮወርልድ በተባለው ዝግጅት ላይ አሥር ሰዎች የሞቱት ደረታቸው ተጨንቆ መተንፈስ አቅቷቸው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አምስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ አንዱ ሲገፋ ግፊቱ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሩቅ ድረስ ይሄዳል። ልጅዎ ካሬ ሜትር አትለካም፤ ስለዚህ ምልክቱን ይንገሯት። በአራቱም በኩል ሰው ከነካት፣ እጇን ወደ ፊቷ ማንሳት ከከበዳት፣ ወይም ሳትፈልግ እግሯ ከተንቀሳቀሰ፣ በጣም የምትወደው ዘፈን እየተዘፈነ ቢሆንም ያኔውኑ ትውጣ። ከዚያ በኋላ መውጣት እየከበደ ነው የሚሄደው።

ስትወጣ ወደ ኋላ ፊት ለፊት አትታገል። ግፊቱ መጥቶ ሲያልፍ ጥቂት ፋታ አለ፤ በዚያች ፋታ በሰያፍ ወደ ጎን አንድ ሁለት እርምጃ እየሄደች ወደ ጠርዝ ትውጣ። ክንዶቿን አጥፋ እንደ ቦክሰኛ ከደረቷ ፊት ትያዝ፤ ለሳንባዋ ቦታ የሚሰጣት እሱ ነው። ትንፋሿን በጩኸት አትጨርስ። ስልኳ ቢወድቅ ጎንበስ አትበል፣ ስልክ ይተካል። ከመድረኩ ፊት ካለው የብረት አጥር ጋር ተጣብቃም አትቁም፤ ግፊት ሲመጣ መሄጃ የሌለው እዚያ ያለው ሰው ነው።

ብንጠፋፋስ ላሉት፣ ስልክን አትመኑት። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል፤ አጭር መልእክት የተሻለ ዕድል አለው። ትኬቱንም አስቀድማችሁ በምስል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ በር ላይ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። የመገናኛ ቦታ ገና ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። ከአጥሩ ውጭ ያለና ሁሉም የሚያውቀው ይሁን፤ ለምሳሌ ወደ ቦሌ መንገድ በኩል ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጥሩ ነው። “መጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ እዚያ” ተባባሉ። የእርስዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ኪሷ ይክተቱላት።

መግቢያው ላይ ሴቶችና ወንዶች የሚፈተሹት በተለያየ ሰልፍ ስለሆነ ባለቤትዎ ለብቻቸው ነው የሚገቡት፤ ከፍተሻው በኋላ የት እንደምትጠባበቁ ተነጋገሩ። ትልቅ ቦርሳ አይያዙ፣ ሰልፉን ያረዝምብዎታል። የውሃ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በር ላይ ያስቀራሉና ከመግባትዎ በፊት ይጠጡ።

ለመመለስ ደግሞ አትቸኩሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወጣ በሩ ላይ የሚፈጠረው መጨናነቅ ከመድረኩ ሥር ካለው አይተናነስም። ሰው እስኪሳሳ ተቀመጡ። ባቡሩ በዚያ ሰዓት አይሠራም። መንገዳችሁ ወደ ጎተራ ስለሆነ ከሕዝቡ ጋር በደብረ ዘይት መንገድ ወደ መሹዋለኪያ ውረዱና እሱን አለፍ ብላችሁ ታክሲ ጥሩ። አደባባዩ አፍ ላይ የቆመው ባለመኪና የሚጠራው ዋጋና እዚያ የምታገኙት አይገናኝም፤ ለጉልበትዎ ሲባል ግን ቀስ ብላችሁ ሂዱ።