ሁለት ኮምፒውተር ያለ ራውተር በአንድ ኬብል ማገናኘት

ጠያቂ፣ ለገጣፎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ 30 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ጋ ዴስክቶፕ አለ፤ የሰርቪሱ ኔትወርክ ካርድ (ኬብሉ የሚሰካበት) አሮጌ ነው፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ። የዋናው ቤት ጊጋቢት ነው። ኢንተርኔት አልፈልግም፣ የቪዲዮ ፋይል ለማስተላለፍ ነው። ካት 5ኢ ኬብል፣ አርጄ 45 ኮኔክተርና ክሪምፐር (ኮኔክተሩን መንከሻ) አለኝ። የቀለሙ ቅደም ተከተል እንዴት ነው? ክሮስ (የሁለቱ ጫፎች ቅደም ተከተል የሚለያይበት ኬብል) ካልሆነ አይሠራም የሚሉኝ አሉ።

መልስ፣ ኮዬ ፈጬ፦
ክሮስ ግድ የሚሆነው ሁለቱም ካርዶች አሮጌ ሲሆኑ ነው። ጊጋቢት ካርድ መላኪያና መቀበያውን ራሱ ያቀያይራል፤ ከሁለቱ አንዱ ይህን ከቻለ ይበቃል። ሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርገህ ሥራው፣ ነገ ስዊች (ብዙ ኮምፒውተር የሚያገናኝ ሣጥን) ብትገዛም ያገለግልሃል። የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች፣ የኬብል መግቢያውን ወደ አንተ አዙረህ ያዝ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ክሮስ ካስፈለገ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ታቀያይራለህ፤ ነጩን በነጩ፣ ሙሉውን በሙሉው።

መልስ፣ ገላን፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። አረንጓዴው ጥንድ ተለያይቶ 3ኛና 6ኛ ላይ ነው የሚገባው። ብዙ ሰው ጥንዱን ላለመለየት ብሎ 3ኛና 4ኛ ላይ ያስገባዋል። ሁለቱ ጫፎች ስለሚመሳሰሉ የኬብል መፈተሻው (ቴስተሩ) ስምንቱንም መብራት በተራ ያበራና ሰውየው ጨረስኩ ይላል። ምልክቱ ግን አብረው ባልተጠማዘዙ ሽቦዎች ስለሚሄድ ይረበሻል፤ በ30 ሜትር ላይ ወይ ይቆራረጣል ወይ ይንቀራፈፋል። ጥምዝማዙንም ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ፣ የውጭ ልባሱ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ይነከስ። ከመሥራትህ በፊት አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቀው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ቶሎ ስለሚሰበር ለደጅ አትዘርጋው።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ሠራሁት፣ የካርዶቹ መብራት በርቷል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን አይተያዩም።

መልስ፣ ቡራዩ፦
መብራቱ ከበራ ካርዶቹ በኬብሉ ተገናኝተዋል፤ ገላን ያለው የጥንድ ስህተት ግን በመብራቱ ላይታይ ይችላል። ራውተር ስለሌለ አድራሻ የሚሰጣቸው የለም፣ በእጅህ ስጥ፦ አንዱን 192.168.10.1፣ ሌላውን 192.168.10.2፣ የሁለቱንም ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0። ጌትዌይ ባዶ ይሁን። ከዚያ ፒንግ አድርግ (አንዱ ለሌላው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትሽ ትእዛዝ ነው)። መልስ ካልመጣ ዊንዶውስ ግንኙነቱን ‹ፐብሊክ› ብሎት ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለው ፕሮግራም) ዘግቶት ይሆናል፤ ወደ ‹ፕራይቬት› ቀይረህ የፋይል ሼሪንጉን ክፈት። ፋየርዎሉን ጨርሶ አታጥፋው። ፍጥነቱ በአሮጌው ካርድ ስለሚወሰን በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ጠብቅ፤ 10 ጊጋባይት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ደጅ ያለውን ኬብል ከመብራት ገመድ ለይተህ በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሊጀምር ሲል ደግሞ ቀድመህ ሁለቱንም ጫፍ ንቀል፤ አንዱን ብቻ መንቀል ሌላውን ኮምፒውተር አያድነውም።