ቃሪያችን አውሮፓ ኤርፖርት ላይ ተይዟል፣ ፋይቶው ምን ጎደለው?

ላኪው፦ ድረሱልኝ። 240 ካርቶን፣ 1,200 ኪሎ ቃሪያ ዛሬ ጠዋት ገብቶ ተይዟል። የገዢው ኤጀንት የላከው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ተጨማሪ መግለጫው አያሟላም»። ፋይቶ (ምርቱ ከተባይ ነፃ መሆኑን መንግሥት የሚያረጋግጥበት የምስክር ወረቀት) አለን፣ ማህተሙም አለ፣ አምናም በዚሁ አልፈናል። ሕጉን በአንድ ሌሊት ነው እንዴ የቀየሩት? አዲስ ፋይቶ አሠርተን ብንልክስ?

የካርጎ ልጅ፦ ካርቶኖቹ የተደረደሩበትን ፓሌት እየው። እንጨት ከሆነና የስንዴ ዛላ ምልክትና «ኤችቲ» የሚል ማህተም ከሌለው ያስቀሩታል። እንጨቱ እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቅ አለበት።

ሚጥሚጣ፦ ሰውዬው ተጨማሪ መግለጫ አሉኝ ይላል፣ አንተ ፓሌት ትላለህ። ቃሪያውን ራሱን ለድርድር ላኩት፣ እያቃጠለ ያሳምናቸዋል።

አፈርና ቅጠል፦ በአንድ ሌሊት የተቀየረ ነገር የለም። ከ2019 ዲሴምበር 14 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከአናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ቴምር በስተቀር ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ያለ ፋይቶ አውሮፓ ኅብረት አይገባም። የቃሪያው ጉዳይ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ በተባለችው የእሳት ራት ምክንያት ከ2018 ጀምሮ ከአፍሪካ የሚሄድ ቃሪያ የራሱ መግለጫ ይጠየቃል። አሁን ጽጌረዳም ተጨምሯል፣ ከ2025 አፕሪል ወዲህ። አምና ማለፍህ ወረቀቱ ልክ ነበር ማለት አይደለም፣ ሳያዩት አልፎ ይሆናል። ፋይቶህ ላይ «ተጨማሪ መግለጫ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ቃል በቃል ምን ይላል?

ላኪው፦ «ጭነቱ ከተባይ ነፃ ነው» ይላል። በቃ።

አፈርና ቅጠል፦ ጉድለቱ እሱ ነው። ተባዩ በሳይንሳዊ ስሙ፣ ታውማቶቲቢያ ሊውኮትሬታ ተብሎ መጠራት አለበት። ከዚያ የትኛውን መንገድ እንደመረጣችሁ ይገለጻል። አገሩ ነፃ ነው ማለት አንችልም፣ ራቷ እዚሁ አለች። በቅዝቃዜ ማከም ለብርቱካን ይሠራል፣ ቃሪያ ግን ከ7 ዲግሪ በታች ይጎዳል፣ ቆዳው ይሰረጉዳል፣ ይበሰብሳል። ሌላ ዘዴ ካላችሁ ደግሞ ፋይቶውን የሚሰጠው የአገራችን ባለሥልጣን ለአውሮፓ ኮሚሽን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀው መሆን አለበት። ለአብዛኛው ላኪ የሚቀረው ከተባዩ ነፃ የሆነ የምርት ቦታ ነው፦ በእድገት ወቅት የተደረገ ይፋዊ ምርመራና ማሳው ድረስ የሚመልስ መለያ ቁጥር ፋይቶው ላይ መስፈር አለባቸው።

የካርጎ ልጅ፦ እንግዲያው አዲስ ፋይቶ ያሠራና ይላክ፣ ምን ችግር አለው።

ትራንዚተሩ፦ ችግር አለው እንጂ። ፋይቶ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ የሚሰጥ ነው። ከኤርዌይ ቢሉ (የአውሮፕላን ጭነት ሰነዱ) ቀን በኋላ የተጻፈ ወረቀት ሲያዩ የባሰ ይጠረጥራሉ። ላኪው፣ አሁን እንዲህ አድርግ። ኤጀንቱ አንድ መስመር ሳይሆን ይፋዊውን የእገዳ ማስታወቂያ ሙሉውን ይላክልህ፣ የመልስ ቀነ ገደቡም እዚያው ላይ ይታያል። ጭነቱ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቦታ መቀመጡን በጽሑፍ ያረጋግጥ፣ ውጭ ከዋለ በማግስቱ ይጠወልጋል። የማሳ ምርመራው በጊዜው ተደርጎ ከሆነና የቀረው ጽሑፉ ብቻ ከሆነ፣ ባለሥልጣኑ ለዚያኛው አገር ባለሥልጣን በቀጥታ ይጻፍ። አንተ ብትጽፍ ዋጋ የለውም። መቀበል አለመቀበሉ የእነሱ ውሳኔ ነው። ምርመራው ካልተደረገ ግን ወረቀት አያድነውም፦ መመለስ ወይም ማጥፋት። የመጋዘኑ ክፍያ በየቀኑ ስለሚቆጠር ቶሎ ወስን።

ሚጥሚጣ፦ 1,200 ኪሎ ቃሪያ የሚያቃጥሉበት ሰፈር ንፋሱ ወዴት ይሆን?

የካርጎ ልጅ፦ ፓሌቱን ግን እዩት።

አፈርና ቅጠል፦ ለሚቀጥለው ጭነት፦ በሴቷ ራት ሽታ የሚስበው ወጥመድ የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ስለሆነ ባዶ ወጥመድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፍሬ ቁረጡ። የትሉ መግቢያ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ፍሬው የሚንጠለጠልበት እጀታ ሥር፣ ቆቡ አጠገብ ነው፣ ትንሽና በቀላሉ የማይታይ። ውስጡ ኩስና ሮዝ መልክ ያለው ትል ካገኛችሁ ያንን ማሳ ከጭነቱ አውጡት። የፋይቶውንም ረቂቅ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለኤጀንቱ ላኩለት። ቅድመ ማሳወቂያውን በትሬስስ (የአውሮፓ ኅብረት የኦንላይን ሲስተም) የሚሞላው እሱ ስለሆነ ጉድለቱ ያኔ ይታየዋል።

ላኪው፦ የማሳ ምርመራ ወረቀቱ ተገኘ፣ ተመስገን! ግን ለማሳ 3 የተሰጠ ነው። ካርቶኖቹ ላይ ማሳ 3ም ማሳ 5ም አለ።

ትራንዚተሩ፦ የትኛው ካርቶን ከየትኛው ማሳ እንደሆነ የሚያሳይ የፓክሃውስ (የማሸጊያ ቤት) ዝርዝር አለህ? ካለ፣ የማሳ 3ቱ ብቻ ተለይቶ እንዲታይ ኤጀንቱ ይጠይቅ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቆ ከሆነ ግን የማጥፊያውን ዋጋ ጠይቅ።

ሚጥሚጣ፦ ላኪው፣ ሦስተኛ ቀን ሆነ። ምን አሉህ?